‹‹ተርሚኔት›› እና የወሰን ድንጋይ

አዲስ አፕ ስልካችሁ ላይ ስትጭኑ፣ ‹‹ተስማምቻለሁ›› ከሚለው ቁልፍ በላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ ይመጣል። የሚያነበው ሰው ከስንት አንድ ነው። ጣታችንን ወደ ታች እናንሸራትታለን፣ ‹‹አክሰፕት›› እንላለን፣ በቃ። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ ‹‹ተርሚኔት›› የሚል። ኩባንያው እንዲህና እንዲያ ካደረጋችሁ አካውንታችሁን ‹‹ተርሚኔት›› ማድረግ እችላለሁ ይላል። የጽሑፉ ርዕስ ራሱ ‹‹ተርምስ›› ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው ደግሞ ድንጋይ ናት።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በላቲን ‹‹ተርሚኑስ›› ማለት ወሰን ማለት ነው፤ በሁለት ሰዎች እርሻ መካከል የሚተከለው የወሰን ድንጋይም በዚሁ ስም ይጠራል። የጥንት ሮማውያን ይህንን ድንጋይ እንደ አምላክ ያከብሩት ነበር። በዓሉ በፈረንጆቹ የካቲት 23 ቀን ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ወደ የካቲት 16 ገደማ መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ሁለቱ አዋሳኝ ገበሬዎች ከነቤተሰባቸው ወደ ድንጋዩ ይመጣሉ። አንዱ በራሱ በኩል፣ ሌላውም በራሱ በኩል ሆኖ ድንጋዩን በአበባ ጉንጉን ያስጌጠዋል። ከዚያ አብረው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ወሰናቸው እንዳልተነካካ በዓመት አንድ ቀን ፊት ለፊት ቆመው የሚተያዩበት በዓል ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ድንጋይ አንድ ተረትም አላቸው። ንጉሡ በሮም ኮረብታ ላይ ለትልቁ አምላካቸው ለጁፒተር ቤተ መቅደስ ሊሠራ ሲነሣ፣ በቦታው የነበሩት ትንንሽ አማልክት እንዲነሡ ተጠየቁ። ሌሎቹ እሺ አሉ። ተርሚኑስ ግን አልነሣም አለ። ቤተ መቅደሱም ድንጋዩን እዚያው ውስጡ አድርጎ ተሠራ ይባላል። የወሰን ድንጋይ ለትልቅም ቢሆን አይነሣም ለማለት ነው።

እንግዲህ እንግሊዝኛው ‹‹ተርሚኔት›› ከዚህ ነው የመጣው። ሥረ ትርጉሙ ወሰን ማበጀት ነው፤ ‹‹እስከዚህ ድረስ፣ ከዚህ በኋላ የለም›› ብሎ ምልክት መትከል። ‹‹ተርሚናል›› የምንለው የጉዞ ማብቂያ ከዚሁ ነው፤ ቦሌ አየር ማረፊያ ተርሚናል ሁለት ስትሉ የጠራችሁት ያንን ድንጋይ ነው። የትምህርት ‹‹ተርም›› በሁለት ቀኖች መካከል የታጠረ ጊዜ ነው። የሙያ ቃል ‹‹ተርም›› የሚባለውም ትርጉሙ ዙሪያውን ስለታጠረ ነው። በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ‹‹ተርሚኔተር›› ፊልም ግን ቃሉን በዓለም ላይ የገዳይ ስም አደረገው። ከዚያ ወዲህ ቃሉን የሰማ ሁሉ የሚታየው መሣሪያ የያዘ ሮቦት ነው እንጂ በእርሻ ዳር የተተከለ ድንጋይ አይደለም።

ወሰን እና ውሳኔ

ምን መሰላችሁ፣ ይህንን ለመረዳት ከጎጃም ሰው የተሻለ ሰው የለም። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላችሁ በጎዛምን ወይም ወደ ጮቄ ተራራ በሚወስደው መንገድ ብትሄዱ፣ ማሳና ማሳ የሚለያየው ብዙ ጊዜ በአንዲት ቀጭን የሣር መስመር ወይም በድንጋይ ነው። ለከተማ ልጅ ምንም ላይመስል ይችላል። ለባለቤቶቹ ግን ያቺ መስመር ብዙ ታሪክ ተሸክማለች። ‹‹ድንበር ገፋ›› የሚለው ክስ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ ወንድምን ከወንድም ያጣላል፤ ደም ያፋሰሰበት ጊዜም ብዙ ነው። የባልንጀራውን የድንበር ምልክት የሚያነሣ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከተረገሙት አንዱ መሆኑንም የገጠሩ ሽማግሌ አሳምሮ ያውቀዋል።

የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. የተነሣውም በዚሁ ሥጋት ነበር። መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አውጥቶ መሬት የሚገምቱ ሰዎች ሲልክ፣ ገበሬው ‹‹ዛሬ የሚለካው ነገ ሊወሰድ ነው፣ ርስቴ ቀላድ ሊሆን ነው›› አለ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ነው። በሞጣ፣ በብቸና፣ በደጋ ዳሞትና በሌሎችም ቦታዎች አመፁ ተቀጣጠለ፣ ብዙ ሰውም አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፤ መንግሥትም ከግብር ጥያቄው ወደ ኋላ አለ። ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አልነበረም። ‹‹ወሰኔን እኔ ሳልኖር ማን ይለካዋል?›› የሚል ጥያቄም ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንምጣ። በአማርኛ ‹‹ወሰን›› ድንበር ነው። ‹‹ወሰነ›› ስንል ደግሞ ቁርጥ ሐሳብ ላይ ደረሰ ማለታችን ነው። ‹‹ውሳኔ›› የምንለው ነገር ከድንጋዩ ጋር አንድ ሥር አለው። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። ወሰነ ለማለት ‹‹ዲተርሚን›› ይላሉ፤ ውስጡ ተርሚኑስ አለ። ሮማውያንና እኛ ሳንመካከር አንድ ቦታ ደረስን። መወሰን ማለት በሚሆነውና በማይሆነው መካከል ድንጋይ መትከል ነው።

‹‹ፊኒሽ›› የሚለውን ደግሞ እዩት። ሥሩ የላቲኑ ‹‹ፊኒስ›› ነው፤ እሱም ወሰን፣ ዳርቻ ማለት ነው። ከዚሁ ‹‹ዲፋይን›› መጣ፤ ትርጉም መስጠት፣ ማለትም የቃሉን ዳርቻ ማስመር። ቅጣት የሚሆነው ‹‹ፋይን›› ጠብን ለመጨረስ የሚከፈል ገንዘብ ነበር። ‹‹ፋይናንስ›› የሚለውም መነሻው ዕዳን ከፍሎ መጨረስ ነው። ከሁሉ ደስ የሚለው ግን ‹‹አፊኒቲ›› ነው። በላቲን መጀመሪያ አዋሳኝ ማለት ነበር፣ ቀጥሎ በጋብቻ የሚዛመድ ዘመድ ማለት ሆነ። አዋሳኝህ አማችህ ይሆናል ማለት ነው። በእኛም አገር እርሻቸው የተዋሰነ ሰዎች ልጅ ለልጅ ሲጋቡ መስማት አዲስ አይደለም።

የቢሮ ቋንቋችንም ሳናስተውለው በዚህ የተሞላ ነው። ‹‹ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር›› ስንል ድርጅቱ ለዕዳው የሚጠየቅበት መጠን ድንጋይ ተተክሎለታል ማለታችን ነው። ‹‹ላልተወሰነ ጊዜ›› ስንል ደግሞ ድንጋዩ ገና አልተተከለም።

ለመጨረስ ስንት ቃል አለን?

እንግሊዝኛ የሚያስቀናቸው ልጆች አሉ። እነሱ ‹‹ኤንድ››፣ ‹‹ፊኒሽ››፣ ‹‹ተርሚኔት››፣ ‹‹ካንስል›› እያሉ ይዘረዝራሉ። እስቲ እኛም እንቁጠር።

አለቀ። ከነበረው ምንም ሳይቀር ሲሟጠጥ ነው። ‹‹ዳታ አለቀብኝ፣ ጥቅል ግዛልኝ›› ትላላችሁ እንጂ ‹‹ዳታዬ ተፈጸመ›› አትሉም።

ጨረሰ። አድራጊ አለው። ሰው ነው የሚጨርሰው። ‹‹ሒሳብ እንጨርስ›› ሲባል ደግሞ እኔና አንተ ምንም የሚያነታርከን እንዳይቀር ማለት ነው።

አበቃ። ይኼ ከ‹‹በቃ›› የመጣ ነው። በቃ ማለት ደግሞ መጠኑ ደረሰ ነው። ስለዚህ አበቃ ስንል ጉዳዩ ጠገበ፣ የሚገባውን ያህል ሆነ እንላለን። ለዚህም ነው ‹‹ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ›› ተብሎ የሚመረቀው። አንድ ቃል ማለቅንም መድረስንም ሲይዝ ተመልከቱ።

ፈጸመ። ከግዕዝ የመጣ፣ ክብደት ያለው ቃል ነው። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ‹‹ተፈጸመ›› ብሎ ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ለጻፈው፣ ላስጻፈውና ለሚያነበው ምርቃት ይጨምርበታል። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በዋሸራ ያደገ የቅኔ ተማሪ ይህንን ቃል ሲያይ ‹‹ሥራው ሙሉ ነው›› ብሎ ያነበዋል። ያው ቃል ግን ‹‹ወንጀል ፈጸመ›› በሚለው ውስጥም አለ። የተፈጸመ ነገር በጎም ይሁን ክፉ፣ ግማሽ የለውም።

ሰረዘ። በላዩ ላይ መስመር አሰመረበት ማለት ነው፤ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝን አስታውሱ። አሁን ‹‹ካንስል›› ወደሚለው ሂዱ። ላቲኑ እንደ አጥር ፍርግርግ የተጠላለፈ እንጨት ነው። ጸሐፊዎች የማይፈልጉትን ጽሑፍ በተጠላለፈ መስመር ስለሚያጠፉት ማጥፋቱ በፍርግርጉ ስም ተጠራ። አሁንም ሁለት አገር፣ አንድ ሐሳብ።

ቋጨ። ይኼኛው የሸማኔ ቤት ቃል ነው። ጋቢው ተሸምኖ ከእቃው ሲወርድ ዳሩ ላይ ክሮቹ ይንጠለጠላሉ። እነሱ ካልተገመዱና ካልታሰሩ ጨርቁ ከዳር ይተረተራል። ያንን መግመድና ማሰር መቋጨት ይባላል። ንግግር ይቋጫል፣ ጠብ ይቋጫል፣ ድርድር ይቋጫል።

ፈታ። የታሰረውን ለቀቀ። ትዳር ሲፈርስ ‹‹ፍቺ›› እንላለን። የቃል ትርጉምም ‹‹ፍቺ›› ነው፣ ሕልምም ይፈታል፣ እስረኛም ይፈታል። እስካሁን እኔና እናንተ የቃላት ፍቺ ስንፈልግ ቆይተናል ማለት ነው።

ቆረጠ። ‹‹ቁርጡን ንገረኝ››፣ ‹‹ቆርጫለሁ››፣ ‹‹ተስፋ ቆረጠ››። እንግሊዞች ‹‹ዲሳይድ›› ሲሉ የላቲን ሥሩ ቆርጦ መጣል ነው። እነሱም እንደኛ በቢላ ነው የሚወስኑት።

ከዚህ ሁሉ በላይ አማርኛ አንድ ትልቅ ሀብት አለው። ‹‹አለቀልኝ›› እና ‹‹አለቀብኝ›› አንድ አይደሉም። ‹‹አሳይመንቱ አለቀልኝ›› ስትሉ ተገላገላችሁ። ‹‹ብሩ አለቀብኝ›› ስትሉ ተጎዳችሁ። ነገሩ ሲያልቅ ማን እንደተጠቀመና ማን እንደተጎዳ አንዲት ፊደል ትናገራለች። እንግሊዝኛው ‹‹ተርሚኔትድ›› ብሎ ዝም ይላል።

የተቋረጠው ሥራ

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። አንድ የማውቀው የደብረ ማርቆስ ልጅ ስላለ ነው። ስሙን አልጠራም። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አንድ ድርጅት ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ ሠርቷል። አንድ ቀን በቴሌግራም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ተላከለት። አጭር ነው፤ ውልህ ‹‹ተርሚኔትድ›› ሆኗል ይላል። ምክንያት የለውም። ልጁ ስልኩ ላይ አስተረጎመው። ስልኩም ‹‹ውልዎ ተቋርጧል›› አለው።

‹‹ተቋርጧል›› የሚለው ቃል ነው ጉድ የሠራው። አስቡት፣ እኛ ተቋረጠ የምንለው ምኑን ነው? መብራት ይቋረጣል፣ ይመጣል። ውኃ ይቋረጣል፣ ይመጣል። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ይመጣል። መንገድ ያቋረጠ ሰው ማዶ ይደርሳል እንጂ አይጠፋም። ልጁም ‹‹በጀት ሲለቀቅ ይጠሩኛል›› ብሎ ቤቱ ተቀመጠ።

አባቱ የጎዛምን ገበሬ ናቸው። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ ልጃቸው ዘንድ ጎራ ይላሉ። አንድ ቅዳሜ እኔም እዚያው ነበርኩ።

‹‹ለመሆኑ ያ ደብዳቤ ምን ይላል ልጄ?›› አሉት።

‹‹ሥራህ ተቋርጧል ነው የሚለው አባ።››

‹‹ተቋርጧልማ መብራትም ይቋረጣል። መቼ ይቀጥላል ይላል?››

‹‹እሱን አይልም።››

‹‹ስለምን ተቋረጠስ ይላል?››

‹‹እሱንም አይልም።››

አባትየው ትንሽ ዝም አሉ። ‹‹እንግዲያ ወሰን ሲቆረጥ ማን ቆሞ አየ? አንተ አልነበርክ። ሽማግሌ አልነበረ። ይኼ እንዴት ያለ ወሰን ነው?›› አሉ።

እኔ ደብዳቤውን ተቀብዬ አየሁት። ከተጻፈ አሥራ አንደኛ ሳምንቱን ይዟል። ከዚህ በኋላ የቋንቋውን ነገር ትተን ወደ ሕጉ ሄድን።

ይህንን ክፍል ብታነቡት ደስ ይለኛል፤ አንድ ቀን ሊያስፈልጋችሁ ይችላልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚናገረው ስለ ግል ድርጅት ሠራተኞችና መሰሎቻቸው ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሌላ ሕግ አለው። በአዋጁ መሠረት የሥራ ውል፣ ሕጉ ለይቶ ከዘረዘራቸው ሁኔታዎች በቀር፣ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ያንን የጨረሰ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ምክንያት ሲሰናበት፣ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ የ1 ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ የ2 ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ የሚቋረጥበትን ምክንያትና ቀን መግለጽ አለበት። በከባድ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ሰው እንኳ ምክንያቱና ቀኑ በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል። ሠራተኛውም በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ክፍያ ያለው ሰው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃም በነፃ ያገኛል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመልሳችሁ። ቀንና ምክንያት ማለት ምንድን ነው? ቀኑ ድንጋዩ የተተከለበት ቦታ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ለምን እዚያ እንደተተከለ ነው። ማስጠንቀቂያው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቦታ የሚቆሙበት ጊዜ ነው። የገበሬው ጥያቄና የሕጉ ጥያቄ አንድ ሆነው ተገኙ። አባትየው አዋጁን አላነበቡትም፤ ወሰን እንዴት እንደሚቆረጥ ግን ያውቃሉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሕጉ ለተሰናባቹም ድንጋይ ተክሎበታል። ‹‹ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ›› የሚል ሰው ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ከዚያ ካለፈ ይርጋ ያግደዋል። ‹‹ተቋርጧል፣ ይቀጥላል›› ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ሦስቱ ወር እንዲሁ ሊያመልጠው ይችላል። አንድ ቃል በትክክል አለመፈታቱ ሥራን ያህል ነገር ሊያስከፍል ነበር። ልጁ ቀኑ ሳያልፍ አመልክቷል። ጉዳዩ ይህንን እስከጻፍኩበት ድረስ አልተቋጨም።

እንግሊዝኛውንም ልብ በሉ። ውሉ በዚህ ቀን ‹‹ተርሚኔትስ›› ካለ፣ ጊዜው ደርሶ በራሱ ያበቃል እያለ ነው። ‹‹ተርሚኔትድ›› ሆኗል ካለ ግን ያቋረጠው ሰው አለ። በአንዷ ድምፅ ልዩነት ድንጋዩን ዘመን ተከለው ወይስ ሰው ተከለው የሚለው ይለያል። ደብዳቤ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ይህንን ፈልጉ።

ሲገፋ የሚሆነው

ከተርሚኑስ ልጆች አንዱ መጥፎ ነው፤ ‹‹ኤክስተርሚኔት››። ዛሬ ማጥፋት፣ መጨፍጨፍ ማለት ነው። ሲጀምር ግን ከወሰን ውጭ ማስወጣት ነበር። ሰውን ከድንጋዩ ማዶ ገፍቶ ማባረር። ቃሉ በጊዜ ብዛት ከማባረር ወደ መፍጀት አደገ።

‹‹ዴድላይን››ም ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1864 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አንደርሰንቪል በሚባል የእስረኞች ግቢ ውስጥ አንድ መስመር ነበር። ከመስመሩ ያለፈ እስረኛ በጥይት ይመታል። የሞት መስመር ይሉት ነበር። በዚያ ግቢ ከገቡት ወደ 45 ሺሕ ከሚጠጉ እስረኞች 13 ሺሕ ያህሉ በበሽታ፣ በረሃብና በመሳሰለው አልቀዋል። ዛሬ ያ ቃል የአሳይመንት ማስረከቢያ ሆኗል። እኛ ‹‹ቀነ ገደብ›› ያልነው ይሻላል፤ ገደብ ከግድብ ጋር አንድ ሥር አለው። ግድብ ውኃን ይይዛል እንጂ አይገድልም።

መሬት ላይ ያየነው መሻሻልም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የተደረገው የመሬት ክፍፍል ብዙ ቅሬታ ትቶ አልፏል። ከዚያ በኋላ ነው ይዞታን መመዝገብና ለገበሬው ደብተር መስጠት የተጀመረው፤ ቆይቶም አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም 252/2009 ወጡ። በደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይሰፍራል፤ ፎቷቸውም ይለጠፋል። ልኬታው ሲካሄድ አዋሳኞች በቦታው ተገኝተው ‹‹እስከዚህ የእሱ፣ ከዚህ ወዲያ የእኔ›› ይላሉ። ትዳሩ በፍቺ ቢጠናቀቅ እንኳ ሚስት እንደ ድሮው ባዶ እጇን እንዳትወጣ ደብተሩ ምስክር ይሆናል። የቀድሞው ልኬታ ገበሬውን ያስፈራው ነበር፤ ይኼኛው ባለቤቶቹን ድንጋዩ አጠገብ ማቆሙ ትልቅ ለውጥ ነው።

ብሎክ ማድረግስ?

ስለ መሬትና ስለ ሥራ ስናወራ ቆየን። እናንተ ግን በየቀኑ የምታቋርጡት ሌላ ነገር አለ። ጓደኝነት፣ ፍቅር፣ አብሮ የተጀመረ ሥራ። አሁን ያለው መንገድ ቀላል ነው። መልስ አለመስጠት፣ ከዚያ ብሎክ። ‹‹እንደዋወላለን›› ብሎ ለዘላለም አለመደወል። ያኛው ወገን ለወራት ‹‹ኔትወርክ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል፣ እኔ ምን አድርጌ ይሆን?›› እያለ ይቀመጣል። ልክ እንደዚያ ባለ ደብዳቤ ልጅ።

ደግሞ ተሳስቶ አይደለም እንዲያ የሚያስበው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ያኔ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የተቋረጠበት ሰው ነበር። ጓደኛው መልስ ያልሰጠው ትቶት ይሁን መስመር ጠፍቶ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ያንን ያሳለፈ ትውልድ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከማንም በላይ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። በዚሁ ጊዜ በግጭቱ ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁ ብዙ ልጆች አሉ። ስለ እነሱ ሲወራ ‹‹ትምህርታቸው ተቋርጧል›› ይባላል። ቃሉ እዚህ ጋ ልክ ነው፤ ልክ ሆኖ እንዲቀርም እፈልጋለሁ። አላለቀም፣ አላከተመም፣ ተቋርጧል። ወደ ሌላ ቋንቋ ስትተረጉሙት ‹‹ተርሚኔትድ›› እንዳትሉት። ሁለት ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ያመለጠው ልጅ ድንጋይ አልተተከለበትም። መንገድ ላይ ነው ያለው። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፣ ያላችሁን መጽሐፍ ስጡት፣ ያወቃችሁትን አስጠኑት።

የእኛ አገር ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን ማስታረቅ ሲያቅታቸው ዝም ብለው አይበትኗቸውም። ሁለቱን ያስቀምጣሉ፣ ንብረቱን ይቆጥራሉ፣ የልጁን ነገር ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ያፋታሉ። የሚያሳዝን ቀን ነው። ሁለቱም ግን እስከ የት እንደሆነ አውቀው ይሄዳሉ። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ከእንዶዳም የተገኙት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ ስሙ ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› ነው። እዚያ ርዕስ ውስጥ ‹‹እስከ›› የምትለዋ ትንሽ ቃል ድንጋይ ናት። ሁሉም ፍቅር እስከ መቃብር አይደርስም። ግን እስከ የት እንደደረሰ መናገር ይቻላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ለመጨረስ ስትነሡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። መቼ ነው የሚያበቃው? ስለምን? ያኛው ሰው ያውቃል ወይ? ደብዳቤ ሲደርሳችሁም እነዚሁን ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ አንብቡት፤ መልሳቸው ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑንም ቁጠሩ። እናንተ ደግሞ ሰው መልስ ሳትሰጡት ያስቀመጣችሁት ካለ፣ ዛሬ ማታ ሁለት መስመር ጻፉለት። ‹‹ይቅርታ፣ ከዚህ በላይ መቀጠል አልቻልኩም፣ ምክንያቴም ይኼ ነው›› በቂ ነው። ይከፋው ይሆናል። መጠበቁን ግን ያቆማል።